ጠላ የጠጣ ውርጭ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት መጥቶ የመታጠቢያ ቤቴን መስኮት ስቲከር ለጠፈልኝ። ከፊት ለፊቴ አራት ፎቅ በቅሎብኛል፤ ገላዬን ስታጠብ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሻይ የሚጠጣ ሰው እንዳይታዘበኝ ብዬ ነው። ልጁ መስታወቱን በሳሙና ውሃ አራሰው፣ ጥቅሉን ዘረጋ፣ በእጁ እየገፋ አረፋውን አስወጣ። ወዲያው መስታወቱ ነጥቶ ውርጭ ያደረበት የኅዳር ማለዳ መሰለ።

«ሲሰለችዎት ጥጉን ይዘው ልጠው መጣል ነው፤ መስታወቱ ምንም አይሆንም» አለኝ።

ሳቄ መጣ። ውርጭ በነጻ በሚታደልበት በደብረ ብርሃን ከተማ ውርጭ በሜትር ገዝቼ አስለጠፍኩ። «ይኼ እኮ አዲስ ነገር አይደለም፤ አባቴ በጠላ ይሠራው ነበር» አልኩት። ልጁ በትሕትና ሳቀልኝ። አሮጊት የምታወራውን ሁሉ እሺ ማለት ልማዱ ሳይሆን አይቀርም። አሮጊት አይደለሁም፤ ግን ለሱ ለማስረዳት ጊዜ ስላልሰጠኝ ለእናንተ ልንገራችሁ።

በ1978 ዓ.ም. ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴ ወልደአረጋይ በጤና ጣቢያ ድሬሰር ነው፤ መርፌ ይወጋል፣ ቁስል ያጥባል። ሰፈሩ «ዶክተር» ይለዋል፣ እሱም አይከለክልም። እናቴ ለተጊዮርጊስ የአንኮበር መሪጌታ ልጅ ናት። አያቴ ወንድ ልጅ ስላልነበረው ዳዊቱን ለሷ አስተማራትና ሌሎች ሴቶች እንዝርት ሲያሾሩ እሷ መጽሐፍ ትገልጥ ነበር። ቤታችን ከቀበሌ የተከራየናት፣ አንድ ክፍልና አንዲት ጓዳ ያላት፣ አንድ መስኮት ብቻ ያላት ቤት ናት። መስኮቷ ግን የመስታወት ነበረች። የምታየው የእትዬ አልታየችን ደጃፍ ነው፤ ወይም እውነቱን ለመናገር የእትዬ አልታየች ደጃፍ እሷን ነው የሚያየው።

እትዬ አልታየች ጠላ ሻጭ ነበረች። ስሟ አልታየች ይሁን እንጂ በሰፈሩ እሷ ያላየችው ነገር አልነበረም። በርጩማዋን ደጃፏ ላይ አውጥታ ጌሾዋን እየለቀመች፣ ማን ምን ተሸክሞ እንደገባ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ ትከታተላለች። ከእናቴ ጋር በአንዲት ዶሮ ተቀያይመዋል። ዶሮዋ የኛን ጎመን በላች፣ እናቴ ድንጋይ ወረወረች፣ ዶሮዋ አነከሰች። ከዚያ ወዲህ ዶሮዋ እያነከሰች በመሐላቸው ስትመላለስ የሁለቱ ሴቶች ሰላምታ እንኳ ከአንገት በላይ ሆነ።

አንድ የጥቅምት እሑድ አባቴ ከእትዬ አልታየች ቤት አንድ ጣሳ ጠላ እንዳመጣ ላከኝ። ጠላውን በጨርቅ አጠለለና ከጤና ጣቢያ ይዞት የመጣውን ነጭ ጨው ጨምሮ አሞቀው። ጨው ያልኩት ያኔ ነው፤ የእንግሊዝ ጨው የሚባለው፣ ሆዱ ለደረቀ ሰው የሚሰጠው መድኃኒት መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ከዚያ ጺሙን የሚላጭበትን ብሩሽ እየነከረ መስታወቱን ከውስጥ በኩል ቀባው። መጀመሪያ እርጥብ መስታወት ብቻ ነበር። ሲደርቅ ግን ከጥግ ጥጉ ነጫጭ መርፌዎች በቀሉ፤ ላባ ሆኑ፣ የገብስ ዛላ ሆኑ፣ እየተሳቡ መጥተው መሐል ላይ ተገናኙ። ብርሃኑ እንዳለ ይገባል። የእትዬ አልታየች ደጃፍ ግን ጠፋ።

«አባዬ፣ ምንድን ነው?»

«ውርጭ ነው» አለ አባቴ፣ ፊቱ ላይ የፈገግታ ምልክት ሳይታይ። «ጠላ አጠጣሁትና ሲሰክር አሰርኩት።»

«ለምን?»

«ዘንድሮ ባቄላ እንዳይመታብን ነዋ።»

እናቴ «ተው አንተ ሰው፤ ይቺ የሰማችውን ሁሉ የምትዘራ ልጅ ናት» አለችው።

«አትናገርም። ከተነገረበት ውርጩ ይሰማና ያመልጣል። አይደል ወለተሐና?»

አይደል አልኩ።

እንዴት አመንሽ እንዳትሉኝ። በኛ አገር ውርጭ ቀልድ አይደለም። ማታ ለምልሞ ያደረ የባቄላ ማሳ ጠዋት እሳት እንደጎበኘው ጠቁሮ ይገኛል። በረዶ የሚመልሱ፣ ውርጭ የሚገዝቱ ደብተራዎች እንዳሉም ትልልቅ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ሰው ሁሉ የሚፈራውን መርፌ የሚወጋ አባት ያላት ልጅ፣ አባቷ ውርጭ አሰረ ቢባል ምን ይደንቃታል?

እውነቱን እናቴ የነገረችኝ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ነው።

የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ብርሃነ መስቀል ማንበብ አይችልም ነበር። ድምፁ ድምፅ ማጉያ የማይፈልግ ረጅም ሰው ነው። ወረቀት ሲቀርብለት የደረት ኪሱን ዳበስ ዳበስ ያደርግና «መነጽሬን ረሳሁ፤ አንተ አንብበው» ይለዋል ጸሐፊውን። ከዚያ ማኅተሙን ይመታል። መነጽር እንዳልነበረው ማንም ልብ አላለም። መሃይምነትን ስለማጥፋት በየስብሰባው ሲናገር ደግሞ ሰው ያስለቅሳል።

ጉዱ የመጣው በእትዬ አልታየች ልጅ ነው። አንድ ልጇ ገብረ ጻድቅ ለውትድርና ወደ ሰሜን ሄዶ በቀበሌው በኩል ደብዳቤ ይልክ ጀመር። የመጀመሪያዋ ስትደርስ ጸሐፊው አልነበረም። እትዬ አልታየች ፖስታውን በሁለት እጇ ይዛ «ጓድ፣ ያንብቡልኝ» ብላ ፊቱ ቆመች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ኪሱን ዳበሰ፤ «መነጽሬን» ሊል ነበር፤ አላስቻለውም። ወረቀቱን ገልጦ ዓይኑን ከላይ እስከ ታች አንከራተተና «ደህና ነኝ እናቴ፣ አታስቢ፣ ይላል» አላት። ጉልበቱን ስማ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ሌላ አንባቢ አልፈለገችም። የመንግሥት አፍ እያለላት የማንን አፍ ትፈልግ! ጓድ ብርሃነ መስቀልም ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» ማለት ሳይሰለቸው አልቀረም፣ በሁለተኛው ደብዳቤ ልጁን አሥር አለቃ አደረገው። በአራተኛው ሃምሳ አለቃ፣ በስድስተኛው መቶ አለቃ፣ በሰባተኛው ሻምበል። በሰባት ወር እንዲህ የተሾመ ወታደር ተሰምቶ አይታወቅም። እትዬ አልታየች ግን «የሻምበሉ እናት» ካልተባለች ጠላ አትቀዳም ነበር።

ከሰባተኛው በኋላ ሰውዬውን እንቅልፍ ነሳው። ልጁ በእውነት የጻፈው ምን ይሆን? ቆስሎ ቢሆንስ? እናቱን አንድ ነገር ለምኖ ቢሆንስ? ደብዳቤዎቹ እሷ ሣጥን ውስጥ ናቸው፤ «መልሰሽ አምጪያቸው» አይላት ነገር። አፏን የምትጠብቅ የተማረች ሴት እናቴ ብቻ ናትና ወደ እኛ ቤት መጥቶ፣ የሚቀጥለው ደብዳቤ ሳይደርስ ማንበብ አስተምሪኝ አላት።

እናቴ «ሄደህ እውነቱን አትነግራትም?» አለችው።

«እነግራት ነበር። እውነቱን ራሴ ሳላውቀው ምን ብዬ ልንገራት?»

እናቴ ደብተር አወጣች።

በኩራዝ እንዳይማር ለጎልማሳ ዓይን አይበቃም። ስለዚህ ከሥራ በኋላ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ፣ አባቴ በተገኘበት መሆን ነበረበት። ያኔ ደግሞ እትዬ አልታየች ደጃፏ ላይ ናት። መጋረጃ እንዳይዘጋ፣ ቀን መጋረጃ የሚዘጋ ቤት «ምን ስብሰባ አለበት?» የሚባልበት ዘመን ነው፤ ይህንንም በአደባባይ ያወጀው ራሱ ጓድ ብርሃነ መስቀል ነበር። አባቴ ታዲያ የጤና ጣቢያው የሴቶች መመርመሪያ ክፍል መስኮት የተሸፈነበት ዘዴ ትዝ አለው። ብርሃን ያሳልፋል፣ ዓይን አያሳልፍም፣ ሥራው ሲያልቅ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። እትዬ አልታየችን ከራሷ በተገዛ ጠላ ጋረድናት። አባቴ ይህን ባሰበ ቁጥር ብቻውን ይስቅ ነበር።

እኔ ግን ይህን አላውቅም። እኔ የማውቀው ጓድ ብርሃነ መስቀል በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አንገቱን ደፍቶ እንደሚገባ ነው። ያኔ እኔ ምስር ልለቅም ወደ ጓዳ እባረራለሁ። ከጓዳ ሆኜ እሰማዋለሁ።

«በ... በሰ... በሰፊ... ው... በሰፊው...»

«ድገመው» ትላለች እናቴ።

«በሰፊው... ሕ... ሕዝ... ሕዝ... ብ...»

«ድገመው።»

በስብሰባ ላይ እንደ መብረቅ የሚጮኸው ሰው እዚያ ውስጥ ያጉተመትማል፣ ያቃስታል። አንድ ሰዓት ሙሉ ይቆይና ግንባሩን በመሐረብ እየጠረገ ይወጣል። በደብረ ብርሃን ጥቅምት ሰው ያላበው የት ነው የታየው? ነገሩ ገባኝ። አባቴ ውርጩን አሰረ፤ አስሮ የሚይዘው ግን ድግምት ነው። ድግምቱን የሚደግመው ጓድ ብርሃነ መስቀል ነው፣ ቃሉን የምታቀብለው የመሪጌታ ልጅ እናቴ ናት። አባቴ ጥግ ላይ ተቀምጦ ማንቀላፋቱ ግን ያኔ አልገባኝም ነበር፤ ከውርጩ ጋር በሕልሙ የሚነጋገር መስሎኝ ነበር።

አንድ ጠዋት እትዬ አልታየች የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ አርሳ መስኮታችንን ከውጭ ስታሽ አየኋት። አሸች፣ አሸች፣ እፍ አለችበት። ውርጩ ከውስጥ ነውና ንቅንቅ አላለም። ፀሐይዋም አናቱ ላይ ወጥታ አላቀለጠችውም። እትዬ አልታየች አማተበችና ወደ ኋላ ሸሸች፤ ያኔ ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ።

«ነይ እስቲ ወለቴ። ነይ የኔ እመቤት።»

ለጠላው የጋገረችውን ቂጣ ቆርሳ ሰጠችኝ። በመጀመሪያው ቁራሽ አፌን ያዝኩ። ሁለተኛው ሲመጣ ግን ጠርዙ አርሮ፣ ልክ እኔ የምወደው ዓይነት ነበር።

«ውርጭ ነው» አልኩ። «አባዬ ጠላ አጠጥቶ አሰረው። ባቄላ እንዳይመታ። ለሰው እንዳይናገሩ፣ ይሰማል።»

«የማንን ጠላ?»

«የእርስዎን።»

እትዬ አልታየች እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ትስቃለች ወይም ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ፊቷ በራ። «እኔስ የኔ ጠላ ውርጭም ይጥላል ብያለሁ» አለች። እስከ ምሽት ድረስ ሰፈሩ በሙሉ ሰማ። ወሬው ላይ የአባቴ ድርሻ ትንሽ ነበር፤ ጀግናው ጠላው ነው።

በማግስቱ ቅዳሜ፣ ገበያ ነው። አንድ ሽማግሌ ገበሬ፣ አቶ ወልደተንሣኤ፣ ከጫጫ በኩል እሸት ባቄላ በአህያ ጭኖ መጥቶ ደጃፋችን ቆመ። ባርኔጣውን አውልቆ መስኮቱን እጅ ነሣ።

«ጌታው፣ የኔ ማሳ ወንዝ ዳር ነው። ውርጭ ሲመጣ ሁልጊዜ ከኔ ነው የሚጀምረው። እንግዲህ እንዳያመልጥዎ አደራ» አለው አባቴን።

አባቴ ማለ፣ ተገዘተ፣ «ኧረ እኔ የማውቀው የለም አባቴ!» አለ።

«አዋቂ ሰው አላውቅም ነው የሚለው» አለ ሽማግሌው፤ እሸቱን በሩ ላይ አራግፎ ሄደ። ከሱ በኋላ ሌሎችም መጡ። አባቴ «መድኃኒት ነው» እንዳይል፣ ለምን ቀባኸው ሊባል ነው። እንዳጋጣሚ ያን ዓመት ውርጩ ዘገየ፤ ጥቅምት አለቀ፣ ኅዳርም ገባ፣ ባቄላው እንደለመለመ ነው። እኛም እሸት በላን፣ ቆላን፣ ቀቀልን፣ እስኪያንገሸግሸን ድረስ። እኔ አንዲት ምስጢር ባለመጠበቄ ቤታችን እንዲህ መጥገቡን እያሰብኩ እኮራ ነበር።

ጓድ ብርሃነ መስቀል ወሬው ሲደርሰው ግን ፊቱ አመድ መሰለ። ይህንንም የነገረችኝ እናቴ ናት። ኋላ ቀር እምነትን ከሥሩ እንነቅላለን ብሎ የሚምለው ሰው ውርጭ አሳሪ ተባለ። «ከዛሬ ወዲያ አልመጣም» አላት። «ከላይ ጠርተው ቢጠይቁኝ ምን ልበል? ውርጭ አላሰርኩም፣ ሀሁ ነው የምቆጥረው ልበል?»

«ከሁለቱ የቱ ያሳፍርሃል?» አለችው።

ብዙ አሰበ። «ሀሁው» አለ።

«ያቺ ሴትዮስ?»

በርጩማውን ሳበና ተቀመጠ።

አንድ ሐሙስ ምስሬን እየለቀምኩ፣ ከማጉተምተሙ መሐል በሩ በኃይል ተንኳኳ። ማንም «ግቡ» ሳይል እትዬ አልታየች ገባች። በእጇ ያልተከፈተ ፖስታ ይዛለች። «ቀበሌ ሄጄ የሉም አሉኝ። እዚህ እንደሚውሉ ማን ያጣዋል» አለች። ዓይኗ ግን መጀመሪያ የሄደው ወደ መስኮቱ ነው፤ ውርጩን ከውስጥ በኩል ልታየው ስንት ቀን ጓጉታ! እናቴ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ደብተር ቀስ ብላ በነጠላዋ ሸፈነችው። እኔ የጓዳውን መጋረጃ በአንድ ዓይኔ ልክ ገለጥኩት።

«የሻምበሉ ነው፤ ያንብቡልኝ» አለች።

ጓድ ብርሃነ መስቀል ፖስታውን ቀደደ። እጁ ወደ ደረት ኪሱ ሄደ፤ ዳበስ አደረገ። እናቴን አያት። አባቴ ዓይኑን ጨፍኗል፤ አላንቀላፋም ግን። የሰውዬው እጅ ከኪሱ ወረደ።

«ለ... ለው... ለውድ...» አለ። «እና... ቴ...»

ያ ድግምት! ድግምቱን ከውርጩ ላይ አንሥቶ እትዬ አልታየች ላይ ሊጥለው ነው።

«ምን ሆነዋል ዛሬ? ድሮ እንደ ውዳሴ ማርያም ያወርዱት አልነበር?» አለች።

ግንባሩ ላይ ላቡ ችፍ አለ። ጣቱን ወረቀቱ ላይ ተክሎ፣ እያንዳንዱን ፊደል እንደ ሥር እየነቀለ ቀጠለ። «እኔ... ደ... ደህና ነኝ። ሥራዬ... ወ... ወጥ ቤት ነው። ድን... ድንች... እል... እልጣለሁ።»

«ሻምበል ድንች ይልጣል?»

«ይህ... ስም... ስምንተኛው... ደብዳቤዬ ነው። በሰባቱም... የ... የለመን... ኩሽን... የሱፍ... ካል... ካልሲ...» እዚህ ጋ ቀና ብሎ አያትና ቀጠለ። «...ለምን እንዳል... ላክሽልኝ... አላውቅም። እዚህ... ይበር... ዳል።»

እትዬ አልታየች ቆማ ቀረች።

«ሻምበልነቱስ?» አለች በመጨረሻ፤ ድምፅዋ ትንሽ ነበር።

ጓድ ብርሃነ መስቀል ከመቀመጫው ተነሣ። «እትዬ አልታየች፣ ሻምበል ያደረግሁት እኔ ነኝ። ማንበብ አልችልም ነበር። አሁንም ያየሽውን ያህል ነው የምችለው።»

«አንተ!» አለች። ሊቀ መንበሩን «አንተ» ሲለው የሰማሁት የመጀመሪያ ሰው እሷ ናት። «ስምንት ወር ሙሉ! ልጄ እግሩ በብርድ ሲያልቅ እኔ እዚህ ሻምበል እያልኩ ጠላ ስቀዳ!» እጇን አነሣች፤ ትመታዋለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው እጇ ወረቀቱ ላይ አርፏል።

«ካልሲ የሚለው የቱ ጋ ነው?»

አሳያት። አመልካች ጣቷን እዚያ ላይ አሳረፈች፤ ቆየች። ከዚያ ደብዳቤውን አጥፋ፣ ጡቷ ሥር ሸጉጣ፣ ያቺን ጣቷን ቀጥ አድርጋ እንደያዘች ወጣች። አልመረቀችም፣ አልረገመችም። እኔ ድግምቱ በጣቷ እንደገባ ተረዳሁ፤ ለብዙ ቀን ጣቷን እየሰረቅሁ አይ ነበር። ጓድ ብርሃነ መስቀል ደግሞ እንደ ትልቅ ሰው ሳይሆን እንደኔ አለቀሰ። እናቴ ውሃ ቀዳችለት፣ አባቴ ነቃሁ ብሎ ተነሣ።

በማግስቱ እርጥብ ጨርቅ ይዞ መስኮቱን ያጠበው ራሱ ጓድ ብርሃነ መስቀል ነው። «ከእንግዲህ ነገ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማው የለ፤ ምን እደብቃለሁ» አለ። ላባዎቹና ዛላዎቹ ቀልጠው ወረዱ። እኔ እግሩ ላይ ተጠምጥሜ «ባቄላው! ባቄላው!» እያልኩ ጮህኩ። ሳቁብኝ።

በነጋታው ጠዋት መሬቱ ነጭ ነበር። እኩለ ቀን ላይ አቶ ወልደተንሣኤ መጣ፤ ንጹሑን መስኮት አይቶ ባርኔጣውን አላወለቀም።

«ምነው ልጄ» አለው አባቴን፤ «አጨዳ ጀምሬ ነበር እኮ። ሦስት ቀን ብትታገሡኝ ምን ነበረበት?»

አባቴ እሑድ ማጭዱን ይዞ ሄዶ ከጥቁሩ መሐል የተረፈውን ሲያጭድለት ዋለ። ከዚያ ቀን በኋላ በውርጭ ሲቀልድ ሰምቼው አላውቅም። እኔ ደግሞ በሁለት ቁራሽ ቂጣ ያመለጠ ውርጭ ነው ብዬ፣ ለስንት ጊዜ ቂጣ ሲሰጡኝ አልነካም ነበር።

በሰፈሩ ይወራል ብለን የጠበቅነው ምስጢር ግን አልወጣም። የእትዬ አልታየች በርጩማ ለአንድ ሳምንት ባዶውን ዋለ። ጓድ ብርሃነ መስቀል በየመንገዱ የሰውን ፊት እያየ ሳቅ ይጠብቃል፤ የሚስቅ የለም። ለነገሩ የሱን ምስጢር ብታወጣ የራሷ ሻምበል አብሮ ሊወርድ ነው። በኋላ እንደሰማነው ገበያ ሄዳ የመንዝ ሱፍ ካልሲ አምስት ጥንድ ገዝታ፣ ወደ ሰሜን በሚመለስ አንድ ወታደር እጅ ልካለች።

በስምንተኛው ቀን ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ቤታችን መጣች። በክንዷ አንድ ማሰሮ አቅፋለች።

«እንደምን ዋልሽ ለተጊዮርጊስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንደምን ዋሉ እትዬ?»

«ዶሮዋን አርጃታለሁ» አለች። እናቴ ይህን እንደ ዕርቅ ወሰደችውና ወንበር ሳበችላት። እትዬ አልታየች አልተቀመጠችም። ወደ አባቴ ዞረች።

«ያንን ውርጭ መልሰው።»

«እትዬ አልታየች፣ ባቄላው እኮ አልቋል...»

«የምን ባቄላ አመጣህብኝ! ለኔ ነው።» ያቺን ጣቷን አወጣች። «ካልሲ የምትለዋን ለይቻታለሁ፤ ሰባቱም ደብዳቤ ውስጥ አለች፣ ቆጥሬያታለሁ። የቀሩትን አሳዪኝ ለተጊዮርጊስ። የኔ ደጃፍ ላይ ግን ጠጪ አይጠፋም፤ ቁጭ ብሎ የሰው መስኮት የሚያይ ስንት ሥራ ፈት አለ መሰለሽ!»

አባቴ ሳቁን ለመዋጥ ወደ ጓዳ ገባ። እሷ ማሰሮውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች።

«ጠላውን ይዤ መጥቻለሁ። የጠለለ ነው።»

በዚያን ጊዜ ብሩሹን የያዝኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ምስሬን ስለቅም ከጓዳ የምሰማው የሴት ማጉተምተም ሆነ። የሴት ድግምት ይበልጥ ይይዛል ማለት ነው ብዬ፣ ለመጪው ዓመት ባቄላ ተስፋ አደረግሁ።

ጓድ ብርሃነ መስቀል ከዚያ በኋላ እሷ ጠላ ቤት ውስጥ ጋዜጣ ጮክ ብሎ ያነብ ነበር፤ ኪሱን ሳይዳብስ። ገብረ ጻድቅ በ1983 በእግሩ ተመለሰ። ሻምበል አለመሆኑን ከራሱ ሌላ የምናውቅ እኔን ጨምሮ አምስት ሰዎች ነበርን፤ አምስታችንም ዝም አልንና ከተማው እስከ ዛሬ «ሻምበል» እያለ ይጠራዋል። ሰላምታ ሲሰጡት ቀጥ ብሎ ይቀበላል። ድንች መላጥ የለመደ እጁ ግን ሥራ አልፈታም፣ «ሻምበል ምግብ ቤት» ብሎ ከፈተ። ባለፈው እሑድ ምሳ በልቼ መጣሁ።

እዚያ ግድግዳ ላይ፣ ከገንዘብ መቀበያው በላይ፣ በፍሬም የገባ አንድ ቢጫ ወረቀት አለ። ፊደሎቹ አንዱ ግዙፍ፣ አንዱ ደቃቃ፣ አንዱ ወደ ጎን የወደቀ ነው። እንግዳ ሲያየው ቀልድ ይመስለዋል። እትዬ አልታየች ነፍሷን ይማርና፣ በሕይወቷ የጻፈችው የመጀመሪያ ደብዳቤ ነው፤ አንድ መስመር ብቻ። «ካልሲው ደረሰህ ወይ?» ይላል። ከሥሩ ደግሞ በቀጭን እስክሪብቶ፣ እንግዳ በማያስተውለው ጽሑፍ፣ ልጅዋ መልሷል፤ «ደርሷል እማዬ።»